የጁባ ወደብና የእንቅልፍ ደዌ

ከካርቱም ተነሥቶ በነጭ ዓባይ ሽቅብ የሚጓዝ መርከብ፣ ኮስቲንና ማላካልን ካለፈ፣ ደንገሉና ቄጠማው ውኃውን እስኪሰውረው ድረስ የሚያስጨንቀውንም የሱድ ረግረግ ካቋረጠ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ወንዙ በዐለትና በፏፏቴ ስለሚታጠር፣ ጉዞውን የሚፈጽመው በጁባ ወደብ ነው። ከተማይቱ ወጣት ናት፤ እንግሊዞች የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫ ከሞንጋላ ወደዚህ ያዛወሩት በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ነገር ግን ስሙና ስፍራው እየተለዋወጠ ይኑር እንጂ፣ መርከብ የሚቆምበት ወደብ በዚህ አካባቢ ከጁባ በፊትም ነበረ። የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ መርከበኛ ሰሊም ቃፑዳን በ1841 ጎንዶኮሮ ደርሶአል፤ በ1850ዎቹ የኦስትሪያ ካቶሊካውያን ካህናት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተክለው አብዛኞቹ በንዳድ አልቀዋል፤ በየካቲት 1863 አሳሾቹ ስፒክና ግራንት ከሐይቆቹ አገር ሲመለሱ ሌላውን አሳሽ ሳሙኤል ቤከርን ያገኙትም በዚሁ በጎንዶኮሮ ነው። ከዚያ በኋላ ላዶ፣ ረጃፍና ሞንጋላ ተራ በተራ ነገሡ፤ በመጨረሻም ጁባ ሁሉንም ወረሰቻቸው።

የእነዚህን ወደቦች ነገር የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚተርኩልን ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ገዢዎችም መሾምና መሻር ነው። እኔ ግን በዚህ የወንዝ ዳር አገር ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ተሠራ አንድ ሌላ ሥራ ልናገር እወዳለሁ፤ ይኸውም የአንጎልን ደዌ የመመርመርና መድኃኒቱን በሕሙማን ላይ የመፈተን ሥራ ነው፤ በዚህም ሥራ ጁባ ያለችበት የኢኳቶሪያ ሰዎች ያላቸው ድርሻ ከተነገረላቸው ይልቅ እጅግ የበዛ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ደዌው የእንቅልፍ በሽታ የሚባለው ነው። አስተላላፊው የቆላ ዝንብ ነው፤ እኛ አገር ባላገሩ ገንዲ እያለ ከብቱን የሚያለቅስበት በሽታ የቅርብ ዘመዱ ነው። በዓይን የማይታየው ሕይወታዊ ተውሳክ በመጀመሪያ በደምና በንፍፊት ውስጥ ተሸሽጎ ትኩሳትና ማሳከክ ያመጣል፤ በአንገት ኋላ ያሉት ንፍፊቶች ያብጣሉ፤ ከዚያም ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ቆይቶ ወደ አንጎል ይገባል። በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው ቀን ተኝቶ ሌሊት ይነቃል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ ትሑት የነበረው ይቆጣል፤ ዝምተኛው ይለፈልፋል፤ በመጨረሻም ከእህልና ከሰው ተለይቶ እስከ ሞት በሚያደርስ እንቅልፍ ይወድቃል። ከ1900 ጀምሮ በሃያ ዓመት ውስጥ በዩጋንዳ የሐይቅ ዳር አገሮች ሩብ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በዚህ ደዌ አልቋል። አልዶ ካስቴላኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም በኤንተቤ ተውሳኩን በሕሙማን የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ያየው፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ብሩስም የዝንቢቱን ጥፋት ያረጋገጠው በዚሁ መቅሠፍት መካከል ነው።

ወሬው በካርቱም በተሰማ ጊዜ መንግሥቱ ደነገጠ፤ ወንዙ ከዩጋንዳ ወደ ሱዳን የሚወርድ ያልተዘጋ በር ነበርና። በዚያን ዘመን በጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ፣ ባለመድኃኒቱ ባለጸጋ ሄንሪ ዌልካም በሰጠው ገንዘብ የቆመና አንድሩ ባልፎር የሚያስተዳድረው የምርምር ቤት ነበረ። እንግዲህ ሕሙማኑን ወደ ምርምር ቤቱ ማምጣት ካልተቻለ የምርምር ቤቱን ወደ ሕሙማኑ መውሰድ ይሻላል ተብሎ፣ አጉሊ መነጽሩና ብልቃጡ የተደረደረበት፣ በእንፋሎት መርከብ የሚጎተት ተንሳፋፊ የምርምር ቤት ተሠራ፤ በ1907 ተመራማሪው ቻርልስ ዌንየን በእርሱ ተሳፍሮ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጣ፤ በየወንዙ ዳር እያቆመ የሰውን፣ የከብትን፣ የወፍንና የዓሣን ደም ሳይቀር መረመረ። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ታንኳ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለእኔ ግን በዚያ ወንዝ ላይ ከተንሳፈፉት መርከቦች ሁሉ፣ መድፍ ከጫኑትም ጭምር፣ እጅግ የሚያስደንቀው እርሱ ነው።

የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ በታኅሣሥ 1909 ሲሞት፣ በእጁ የነበረው ከወንዙ በስተምዕራብ ያለው የላዶ ግዛት በሰኔ 1910 ለሱዳን ተመለሰ፤ ከመሬቱም ጋር ደዌው አብሮ ተወረሰ። እንግሊዛውያን ሐኪሞች በየይ የሕሙማን ሰፈር አቆሙ፤ ቆይቶም በዛንዴዎች አገር ሱርስ ዩቦ ሌላ ሰፈር ተሠራ። መርማሪው በሰልፍ የቆመውን ሕዝብ አንገት በጣቱ እየዳሰሰ ያበጠ ንፍፊት የተገኘበትን ይለያል፤ የተለየውም ሰው ወደ ሰፈሩ ይወሰዳል፤ ያለ ወረቀት ድንበር መሻገር ይከለከላል፤ በየምንጩ ተበትነው ይኖሩ የነበሩ ዛንዴዎች በ1920ዎቹ በመንገድ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። ደዌው በዚህ ሥርዓት ቀነሰ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሕዝቡን በመንገድ ዳር ማስፈር ለሐኪሙ ያህል ለግብር ሰብሳቢውም የተመቸ ነገር መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ የሕሙማኑንም ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

መድኃኒቱ ራሱ ከደዌው ብዙ የማይሻል ነበረ። መጀመሪያ የመጣው አቶክሲል የሚባለው የአርሴኒክ ውጤት ሲሆን፣ ከታከሙት መካከል አንዳንዶችን ዓይነ ሥውር አድርጎ አስቀራቸው። በ1920 ሉዊዝ ፒርስ የተባለች የሮክፌለር ምርምር ቤት ሐኪም ትራይፓርሳማይድን ይዛ ወደ ሌዎፖልድቪል ሄደች፤ ይህኛው ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ዓይንን ግን እርሱም አልማረም። በ1949 ስዊሳዊው ኤርንስት ፍሪድሃይም ሜላርሶፕሮልን አወጣ፤ ይህም አርሴኒክ ነው። በደም ሥር ሲገባ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ከመቶ ሕሙማን ከአምስት እስከ አሥር በሚሆኑት ላይ አንጎልን አስቆጥቶ፣ ከእነዚህም እኩሌታውን የሚያህሉትን ይገድላል። ሐኪሙ ይህን እያወቀ መርፌውን ይወጋ ነበር፤ ሌላ መድኃኒት የለም፤ ያልተወጋውም መሞቱ የማይቀር ነውና። ይህ ፍርድ በጁባ ዙሪያ ባሉ የሕክምና ቤቶች ከግማሽ ምእት ዓመት ላላነሰ ጊዜ በየዕለቱ የሚፈረድ ነበረ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ የሩቅ አገር ተረት አይደለም። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት እንግሊዞች የንግድ ሰፈር ያቆሙባት ጋምቤላ፣ ቡናችን ወደ ካርቱም ይወርድባት የነበረች የባሮ ወደብ ናት፤ ባሮም ወደ ሶባት፣ ሶባትም በማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በዚሁ በባሮና በጊሎ አካባቢ በ1967 የእንቅልፍ በሽታ በሰው ላይ መገኘቱ ተነገረ፤ ይኸኛው በዓመታት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት የሚገድለው ፈጣኑ ዓይነት ነው።

በሱዳን ሰሜንና ደቡብ መካከል የነበረው የመጀመሪያው ጦርነት በየካቲት 1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት በረደ፤ ጁባም የደቡብ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ መርከቦቹም በኮስቲና በጁባ መካከል ጭነት ያመላልሱ ጀመር። በዚያ የዕረፍት ዘመን ቤልጅጋውያን ሐኪሞች ከሱዳናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የእንቅልፍ በሽታን ለመቈጣጠር ወደ ደቡብ መጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሲሞን ቫን ኒውውንሆቭ አንዱ ነበረ።

አሁን ወደ አንድ ከዚህ አገር ጋር ምንም የሚያገናኘው ወደማይመስል ነገር ልለፍ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በስትራስቡርግ ያሉ የሜረል ኩባንያ ኬሚስቶች ኤፍሎርኒቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲሠሩ ያሰቡት ስለ ካንሰር ነበረ፤ ሕዋሳት ያለ ልክ እንዲባዙ የሚረዳቸውን አንድ ኤንዛይም ብናስር ዕጢው ይቆማል የሚል ተስፋ ይዘው። የዕጢ ሐኪሞች፣ በተለይም የአንጎሎቹ፣ መድኃኒት የተራቡ ናቸው። አዲሱም ንጥረ ነገር በብዙ ዓይነት ካንሰር ቢፈተን የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ነገር ግን በ1980 በኒው ዮርክ ተመራማሪው ሳይረስ ባኪና ባልደረቦቹ ገንዲ መሰሉን ተውሳክ ለያዙ አይጦች ቢሰጡት አይጦቹ ዳኑ፤ ያው ኤንዛይም ለተውሳኩም መባዣው ነበረና።

ከአይጥ ወደ ሰው የተደረገው መሻገሪያ በደቡብ ሱዳን ነው። ቫን ኒውውንሆቭና ባልደረቦቹ በሚዋጥ መልክ ለሃያ ሕሙማን ሰጡት፤ ውጤቱም በ1985 ታተመ። ከሕሙማኑ መካከል ሜላርሶፕሮል ያላዳናቸው ነበሩባቸው፤ ይኸኛው ግን ተውሳኩን ከደማቸውና ከአከርካሪ ፈሳሻቸው አጠፋላቸው፤ የከበደው ጉዳት ተቅማጥ ነበረ። በኋላ በደም ሥር ሲሰጥ፣ ራሱን የማያውቀው ሕመምተኛ በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥቶ ሲናገር ያዩ ሐኪሞች የትንሣኤ መድኃኒት አሉት። የስትራስቡርግ ኬሚስቶችና የኒው ዮርክ ሊቅ ስም በየመጽሐፉ ይገኛል፤ ለመድኃኒቱ ሰውነታቸውን የሰጡት ሃያው ግን ቍጥር ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ጦርነቱ በ1983 ተመልሶ ተነሣ። በ1984 መጀመሪያ በወንዙ ላይ መርከብ ከተጠቃ በኋላ ወደ ጁባ የሚወጣው የውኃ መንገድ ተዘጋ፤ የበሽታው ቍጥጥርም ተቋረጠ፤ ዝንቧ ግን ጦርነት አታውቅም። ሐኪሞች በ1997 በዛንዴዎች አገር ወዳለችው ወደ ታምቡራ ተመልሰው ሲመረምሩ ደዌው እንደ ጥንቱ ተስፋፍቶ አገኙት። መድኃኒቱስ? በኅዳር 1990 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቅዶ ነበረ፤ ነገር ግን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚከፍሉት ስለሌላቸው፣ ኩባንያው በ1990ዎቹ መካከል መሥራቱን ተወ። በሐምሌ 2000 ደግሞ ያው ንጥረ ነገር የሴቶችን የፊት ጸጉር እድገት የሚያዘገይ ቅባት ሆኖ ለገበያ ተፈቀደ። የሚሞት ሰው ሊያገኘው ያልቻለውን ነገር ለመልክ ማሳመሪያ ማዋል በየትኛው ኅሊና እንደሚመዘን አንባቢው ራሱ ይፍረድ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የዓለም ጤና ድርጅት አጥብቀው ከተሟገቱ በኋላ፣ አቬንቲስ የተባለው ኩባንያ በ2001 መድኃኒቱን እንደገና ሠርቶ በነጻ ሊሰጥ ተዋዋለ።

የተሰጠውም በከንቱ አልነበረም። ከጁባ በስተደቡብ፣ በዩጋንዳ ድንበር አጠገብ ባለው በካጆ ኬጂ አውራጃ፣ ኪሪ በምትባል ስፍራ፣ በ2003 ኤፍሎርኒቲን የተሰጣቸው 251 ሕሙማን፣ በ2001ና በ2002 በሜላርሶፕሮል ከታከሙት 708 ጋር ቢነጻጸሩ፣ የመሞታቸው ሥጋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሕክምናው ድካም ግን ቀላል አልነበረም፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ለዐሥራ አራት ቀን፣ ሃምሳ ስድስት ጊዜ በደም ሥር ማንጠብጠብ ያስፈልግ ነበር፤ መብራትና ንጹሕ ውኃ በሌለበት ስፍራ ይህን የፈጸሙት ነርሶች ከባድ ሥራ ሠርተዋል። በኋላ ኒፉርቲሞክስ ከተባለ እንክብል ጋር ሲሰጥ ማንጠብጠቡ ወደ ዐሥራ አራት ጊዜ ወረደ፤ በ2018 ደግሞ ፌክሲኒዳዞል የተባለ፣ መርፌ የማያስፈልገው እንክብል ከአውሮፓ የመድኃኒት መርማሪዎች ድጋፍ አገኘ። በ1998 ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገረው ሕመምተኛ ወደ 40,000 ይጠጋ ነበር፤ በ2018 ከ1,000 በታች ሆነ።

ኤፍሎርኒቲንም ወደ ተፀነሰበት ሥራ ተመልሶአል። የአሜሪካ ሐኪሞች በአንጎል ዕጢ ላይ፣ ግሊዮማ በሚባለው ዓይነት፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እያጣመሩ ለዓመታት ሲፈትኑት ኖረዋል፤ በታኅሣሥ 2023ም ኒውሮብላስቶማ የሚባለውን የሕፃናት የነርቭ ካንሰር ከታከሙ በኋላ እንዳይመለስባቸው የሚዋጥ እንክብል ሆኖ በአሜሪካ ተፈቀደ።