ቤዝ ጊታሩ የማን ነበር?

በናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም አካባቢ በሚገኙ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የቆየ ዘፈን ሲከፈት አድማጩ በቅድሚያ የሚለየው የዘፋኙን ድምፅ ነው። ከሥር ሆኖ ዜማውን ተሸክሞ የሚጓዘውን ቤዝ ጊታር ስም ጠርቶ የሚያመሰግን ጥቂት ነው። ማህሙድ አህመድን የማያውቅ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን አብሮት የሠራው አይቤክስ ባንድ፣ ቤዙም የጆቫኒ ሪኮ መሆኑ ግን ብዙም አይነሳም። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ራሱ ለጋ ነበር። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ቤዝ ጊታሩን ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነው። የኢትዮጵያ ዜማ ደግሞ በአንድ መስመር የሚሄድ በመሆኑ፣ ወፍራም ድምፅን ከበገና በቀር በብዛት አያውቅም ነበር። ስለዚህ የእኛ ቤዝ ተጫዋቾች የውጭውን አካሄድ እንዳለ መገልበጥ አልቻሉም። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት አምስት ድምፆች ውስጥ አጭር ሐረግ መርጠው፣ እርሱኑ ከጭክጭካው ምት ጋር እያሽከረከሩ ዘፈኑን ማቆም ነበረባቸው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ብትንሸራተት ዘፈኑ በሙሉ ይናጋል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የገንዘብ ነበር። ቤዝ ጊታር ለብቻው አይገዛም። ወፍራም ድምፅ ኃይለኛ አምፕሊፋየርና ሰፊ ስፒከር ይሻል፤ አለዚያ በሳክስፎንና በትራምፔት ተውጦ ይቀራል። በንጉሡ ዘመን መሣሪያው የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የፖሊስ ንብረት ነበር። በኋላ የምሽት ክለቦች ሲስፋፉ ንብረቱ ወደ ክለብ ባለቤቱ ዞረ፤ ሙዚቀኛው ደመወዙን ይቀበላል እንጂ የሚጫወትበት የእርሱ አልነበረም። ከቤቱ ቢወጣ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው።

ይህን ሰንሰለት የበጠሱት ዋልያዎች ናቸው። በቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩት፣ ቤዝ ተጫዋቹን መላከ ገብሬን ጨምሮ፣ ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ሒልተን ቋሚ መድረክ ያዙ። የሙዚቃ ታሪካችን ስለ ድምፃውያን ብዙ ሲያወራ ይህን ግዢ በአንድ መስመር ማለፉ አይገባውም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሒልተን ታዳሚ እዚያው ያድር፣ ጨዋታውም እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር። «ቼ በለው» የተሰኘው የመሣሪያ ቅንብር አልበማቸውም በ1977 ወጣ።

በ1981 ባንዱ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ እዚያው ቀሩ፤ ለጥቂት ጊዜም ዙላ ባንድ በሚል ስም ተጫወቱ። ኃይሉ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ ግን አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የምት ማሽኑን ይዞ ብቻውን ነበር። ርካሽና ቀልጣፋ ነው፤ ባንድ መቅጠር አያስፈልግም። በአገር ቤትም በኋላ ዘመን ካሴቶች በርካቶች ቤዙን ለኪቦርድ ግራ እጅ አስረከቡት፤ ሙዚቃውም ለዚህ ዋጋ ከፍሏል።

ናይሮቢ በዚህ በኩል የተለየ ጆሮ አላት። በ1978 እዚሁ የተመሠረተው ሌ ዋንዪካ የ«ሲና ማኮሳ»ን ዝና ያተረፈው በጊታሮቹ ብቻ ሳይሆን በቶም ማላንጋ ቤዝ ነው፤ የከተማው ሰው ዘፈኑን በቤዙ መግቢያ ይለየዋል።

ኃይሉ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ የ1985ቱ ካሴት በ2013 ዳግም ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 ባወጣው «ላላ በሉ» ብቻውን አልነበረም፤ ከበሮውን ቶኒ ባክ፣ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ ይዘውለታል።