የድረ ገጽ ጊዜያዊ ማከማቻና የሰርቨር ጫና

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ከመጠቀች በኋላ ምስሎቿን ትልክ የነበረው በእንጦጦ ተራራ ወደሚገኘው የምድር ጣቢያ ነበር። የሳተላይት ምስል አንዴ ተዘጋጅቶ ካበቃ አይለወጥም፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው። የግብርናውም፣ የውኃውም፣ የከተማ ፕላኑም ባለሙያ ያንኑ ምስል በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ ሥራውን እንደገና ከሀ እንዲጀምር ማድረግ ብክነት ነው። ካሽ ወይም ጊዜያዊ ማከማቻ የሚባለው አሠራር የሚያገለግለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

አንድ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ሰርቨሩ ከመረጃ ቋት አውጥቶ ያዘጋጀዋል፤ ቅጂውም ይቀመጣል። ተከታዮቹ ጠያቂዎች ቅጂውን ያገኛሉ። በሰከንድ 500 ጊዜ የሚጠየቅ ገጽ ቅጂው ለ60 ሰከንድ ብቻ ቢቀመጥ፣ ከ30 ሺህ ጥያቄዎች ወደ መረጃ ቋቱ የሚደርሰው 1 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀደም ሲል መሥሪያ ቤቶች እንደ ስኩዊድ ባሉ ፕሮክሲዎች ቅጂ በማስቀመጥ ጠባቡን የኢንተርኔት መስመር ይቆጥቡ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ በመሆኑ ኃላፊነቱ በይበልጥ ወደ ሰርቨሩ ባለቤት ዞሯል። ኢንጂንክስና ቫርኒሽ የተባሉት ሶፍትዌሮች በሰርቨሩ ፊት ሆነው ይህንኑ ያከናውናሉ።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ዕለት ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከነቤተሰቦቻቸው አንድ አድራሻ ይከፍታሉ። ገጹ ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም ደጋግሞ ይሞክራል፤ ጫናውም በራሱ ላይ ይጨመራል። የመግቢያ ገጹ፣ አርማውና ማስታወቂያው ለሁሉም አንድ በመሆናቸው ያለ ሥጋት ከቅጂ ሊቀርቡ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ግን የግል ነው። በጋራ ማከማቻ ሳይለይ ከተቀመጠ የአንዱ ውጤት ለሌላው ሊታይ ይችላል፤ ይህም ከመዘግየት የከፋ ጥፋት ነው። ስለሆነም የግል ገጾች በጋራ ማከማቻ እንዳይቀመጡ የሚከለክል ትእዛዝ ከሰርቨሩ ምላሽ ጋር መላክ ይኖርበታል።

የቅጂው ዕድሜም ሊታሰብበት ይገባል። የታረመ የጨረታ ማስታወቂያ አሮጌ ቅጂው ካልተሰረዘ አንዱ ተጫራች የቀድሞውን የመዝጊያ ቀን፣ ሌላው አዲሱን ያነባል። ቅሬታው የሚቀርበው ለግዥ ክፍሉ እንጂ ለኮምፒውተር ባለሙያው አይደለም። በመሆኑም ማስታወቂያ የሚያርመው ሠራተኛ ቅጂውን ወዲያውኑ የሚያስሰርዝበት ፈቃድ አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል።