ከቦናያ እስከ አዳዳ መድኃኒት

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የአባቴ እህት፣ አዳዳ የምንላት፣ ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘባትና ጥቁር አንበሳ ኬሞ ጀመረች። ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል። ነቀምቴ ስትመለስ አንድ ጎረቤት "እሱ እኮ መርዝ ነው፣ ተዪው" አሏት። አዳዳም ወደ እኔ ዞራ "መምህር አይደለህ? እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩን ሳነበው ግን ጥያቄዋ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም የራሳችን ታሪክ።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ጋዙ ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የዚሁ አየር ኃይል ሦስት አውሮፕላኖች እዚሁ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ አረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ቀረ። ይህ ሰኔ 20 ነው። በሦስተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለዚያ ጋዝ ለዓለም ተናገሩ። ራስ እምሩም ኋላ በምዕራብ የነዚሁ የጥቁር አንበሳ አርበኞች መሪ ሆኑ።

መድኃኒቱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካውያን ሐኪሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ጋዝ የተመቱ ሰዎች ነጭ የደም ሴላቸው እጅግ እንደሚወርድ ጻፉ። በ1942 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉድማንና ጊልማን "ነጭ ሴልን የሚገድል ነገር የነጭ ሴልን ካንሰርስ?" ብለው የጋዙን የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን ማስታርድን፣ ለአንድ ታማሚ ሰጡ። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሟ። ቆይቶ ግን ተመለሰና ሰውየው ሞተ። ሥራው የጦርነት ምስጢር ስለነበር ለሕዝብ የታተመው በ1946 ነው። ከዚያ ጀርመኖች ያንኑ ኬሚካል ገርተው፣ ጉበት ውስጥ ገብቶ ሥራውን እንዲጀምር አድርገው ሳይክሎፎስፋማይድን ሠሩ። አሜሪካ በ1959 ፈቀደችው።

የሚሠራው የሴሉን ዲ ኤን ኤ አስሮ እንዳይባዛ በማድረግ ነው። ስለዚህ ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ ይሰጣል። የሰውነት መከላከያ በራሱ አካል ላይ ሲነሳም፣ ለምሳሌ ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ፣ መከላከያውን ለማብረድ ይሰጣል።

አደጋውም ከዚያው ይመጣል። አዳዳ ሁለተኛውን ዙር በወሰደች በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ወለጋ ላይ ትኩሳት ማለት ወባ ነው አይደል? እኛም ሳናስመረምር የወባ ክኒን ገዝተን አሳደርናት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ ነጭ ሴሏ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ በደም ሥር እየሰጠ "ለምን ሌሊቱኑ አላመጣችኋትም?" ብሎ ተቆጣኝ። ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ አደራ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል። የወባ ምርመራውም እዚያው ይደረግ። ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ አይቅር። መድኃኒቱ የሽንት ፊኛን ስለሚጎዳ ሐኪም ካልከለከለ ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ቶሎ ይነገር። ፅንስን ይጎዳል፣ መካንም ሊያደርግ ይችላል፤ መውለድ የሚፈልግ፣ ወንድም ሴትም፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ለአዳዳ የመለስኩላት እንዲህ ነው፦ "አዎ፣ ዘሩ ከመርዝ ነው። ጎረቤትሽ አልዋሹም። ግን ተለክቶ፣ ደምሽ እየታየ ነው የሚሰጥሽ፤ አታቋርጪው።" ትንሽ ዝም ብላ "እና ጣሊያን በላያችን ያፈሰሰውን ነው የምጠጣው?" አለችና ሳቀች። አራተኛውን ዙር ጨርሳለች።

ስለ ቦናያ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ኬሞ የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የትኩሳቱን ነገር ዛሬውኑ ንገሩልኝ።