ወፍ የሌለባት ሳጥን

መንገዱ ዩቶፒያ ፓርክዌይ ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኩዊንስ በሚባለው የከተማው ክፍል ነው ያለው። ስሙን ሰምታችሁ ምድራዊ ገነት እንዳይመስላችሁ፤ ተራ ቤቶች የተደረደሩበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር እዚያ መንገድ ላይ ቤት ገቡ። ታናሽየው ሮበርት ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው ሕመም ምክንያት ሰውነቱ አይታዘዝለትም። ታላቅየው ጆሴፍ ኮርኔል ማንሃተን እየወረደ ጨርቅ ይሸጣል፣ ሲመለስ ወንድሙን ያስታምማል። ቤተሰቡ ሲተኛ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የሱ ይሆናል።

እንግዲህ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የኮላዥ ሠሪዎች አንዱ የወጣው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። ኮርኔል ሥዕል ተምሮ አያውቅም። በ1931 አንድ ጋለሪ ውስጥ የማክስ ኤርንስትን ኮላዦች ሲያይ ግን ብሩሽ ያልያዘ ሰውም በመቀስና በሙጫ የራሱን ዓለም መሥራት እንደሚችል ገባው። ከዚያ በኋላ በየአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ እየዞረ የከዋክብት ካርታ፣ የወፍ ሥዕል፣ የሆቴል ማስታወቂያ፣ የሸክላ ፒፓ ሲለቅም ኖረ። የለቀመውን ፊታቸው መስታወት በሆነ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ያደራጀዋል። ሚስት አላገባም፣ አገሩን ለቆ ባሕር ተሻግሮ አያውቅም።

ሰው ይወድ ነበር፤ ከሩቅ። በተለይ የጥበብ ሰዎችን፣ ከነሱም በተለይ ሴቶችን። በ1940 ለማሪ ታልዮኒ፣ እሱ ሳይወለድ ለሞተችው የባሌ ዳንሰኛ፣ የጌጥ ሳጥን ሠራላት። ሽፍታ መንገድ ላይ አስቁሟት በረዶ ላይ ጨፍራለታለች የሚል ተረት ስላለ፣ ሳጥኑ ውስጥ በረዶ የሚመስሉ የመስታወት ኩቦች ደረደረ። ለፊልም ተዋናይዋ ለሎረን ባኮልም ፎቶግራፎቿን ሰብስቦ ሌላ ሳጥን ሠርቷል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ልቡ ኤሚሊ ዲክንሰን ላይ አረፈ። ለምን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ዲክንሰን በ1830 ማሳቹሴትስ ውስጥ አምኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች፤ በ1886 እዚያው በተወለደችበት ቤት ሞተች። አላገባችም። እናቷ በ1875 ሽባ ሆነው አልጋ ሲይዙ ከእህቷ ጋር ለሰባት ዓመት አስታመመቻቸው። ወደ 1,800 ከሚጠጉ ግጥሞቿ በሕይወቷ ሳለች የታተሙት ከአስር ብዙም አይበልጡም። ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ለሚሠራው፣ ወንድሙን አጥቦና አጉርሶ ለሚመጣው ሰው የዚህች ሴት ሕይወት ምን ሊመስለው ይችላል? «ይቻላል» የሚል ድምፅ ነው። ከቤት ሳይወጡ፣ የታመመ ሰው ሳይጥሉ፣ ትልቅ ሥራ መሥራት ይቻላል።

ችግሩ የት ላይ ነው መሰላችሁ? ወደ ዲክንሰን ሕይወት የመጣው ሰው ሁሉ መቀስ ይዞ ነው የመጣው። እህቷ ከሞተች በኋላ ግጥሞቿን አገኘች፤ ብዙዎቹ ገጣሚዋ በገዛ እጇ በክር በሰፋቻቸው ወደ አርባ በሚጠጉ ጥራዞች ውስጥ ነበሩ። አርታኢዎቹ ክሩን ፈቱት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1890 ሲወጣ ለግጥሞቹ ርዕስ ሰጡ፣ ቤት አልመታ ያላቸውን አስመቱ፣ የምትወዳቸውን ሰረዞች ነቀሉ። እርግጠኛው ፎቶግራፏ አንድ ነው፣ በልጅነቷ የተነሳችው። እሱንም ቢሆን በኋላ ፀጉሯን አጠቀለሉላት፣ አንገቷ ላይ ነጭ ዳንቴል ጨመሩላት! ከዚያማ ነጭ ለብሳ ክፍሏን የዘጋች መነኩሴ መሰል ሴት ተፈጠረች። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታትም ተማሪዎች ከግጥሞቿ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ነጭ ቀሚሷ ነበር። ከ1,000 በላይ ደብዳቤዎቿ ተርፈው ደርሰውናል። በ1856 በከተማው የግብርና ትርኢት ላይ የጋገረችው ዳቦ ሁለተኛ ወጥቶ ተሸልሟል። ይሄ ግን ለተረቱ ስለማይመች ተቆርጦ ይጣላል።

ኮርኔልም ያወቃት በዚሁ በተከረከመው መልኳ ነው። የእጅ ጽሑፎቿን በቅርብ የተከተለው ሙሉ እትም የወጣው በ1955 ሲሆን፣ የሱ ሳጥን ግን በ1953 ገደማ ተሠርቷል። ስለዚህ ሌላ አሻንጉሊት ይሠራላታል ብሎ መጠበቅ ያስኬድ ነበር።

አልሠራም። ሳጥኑ «ወደ ሰማያዊው ባሕረ ገብ መሬት» ይባላል፤ ስሙን ከራሷ ግጥም ወስዶ ነው። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ውስጡ በሙሉ ነጭ ነው። የሽቦ መረብ አለበት፣ መረቡ ግን ከፊሉ የለም፣ ተከፍቷል። ወፍ የምታርፍበት ዘንግ አለ። ከኋላ ትንሽ መስኮት አለች፣ በመስኮቷ የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ነው። ኮርኔል በሌሎች የወፍ ሳጥኖቹ ውስጥ ከመጽሐፍ የቆረጣቸውን በቀለም የደመቁ በቀቀኖች ይለጥፍ ነበር። እዚህ ወፍ የለም። የዲክንሰን ፎቶግራፍም፣ ነጭ ቀሚሷም የለም። መቀሱን ያስቀመጠላት እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሌሎቹ ሳጥኖቹ ያምራሉ፤ ለባኮል የሠራውን ሳይ ግን የአድናቂ ልጅ አልበም ትዝ ይለኛል። ይሄኛው ክፍሏን ጠርጎ፣ በሩን ከፍቶ የሄደ ሰው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲክንሰን ራሷም በመቀስ ትጫወት ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተቀደደ ፖስታና በቸኮሌት መጠቅለያ ጀርባ ላይ ሳይቀር ትጽፋለች። በ1870 ገደማ በጻፈችው አንድ ግጥም ወረቀት ላይ ባቡር ያለበት የፖስታ ቴምብር ለጠፈች። ከቴምብሩ ጋር ከመጽሔት የተቆረጡ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ ላይ የፈረንሳይዋ ደራሲ የጆርጅ ሳንድ ስም፣ ሌላው ላይ የአንድ ልብ ወለዷ ርዕስ። ግጥሙ በዙሪያው ይሄዳል። የክፍሏ ግድግዳም ባዶ አልነበረም፤ የኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግና የጆርጅ ኤሊየት ሥዕሎች ተሰቅለውበት ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ፣ በአካል ያላገኘቻቸው ሴቶች ናቸው። እሷም ከሩቅ ትወድ ነበር ማለት ነው።

ሮበርት የአሻንጉሊት ባቡር ይወድ ነበር። በዚያ በማይታዘዝለት እጁ እንስሳትን ይስላል። በ1965 ሞተ። ጆሴፍ የወንድሙን ሥዕሎች እየወሰደ ኮላዦቹ ውስጥ ያስገባቸው ጀመር፤ በቀጣዩ ዓመትም ኒውዮርክ ውስጥ የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ቀረበ። ያኔ ዝነኛው ጆሴፍ ነው፤ የኤግዚቢሽኑ ርዕስ ላይ ግን መጀመሪያ የተጻፈው የሮበርት ኮርኔል ስም ነበር።