ሥራ የፈቱ ደጋፊዎች፤ ከፕሮግራሞች ታሪክና ከኢትዮጵያ ፊደል የተገኘ ትምህርት

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ ያረጀ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ የገባ ሰው ከመካከለኛው ምሰሶ በቀር ሌሎች ድጋፎችን ሊያይ ይችላል። አንዱ ባላ ቤቱ ሲሠራ የቆመ ነው፤ አንዱ ጣራው በዘመመበት ክረምት የገባ ነው፤ አንዱም ለጊዜው ተብሎ ቆሞ በዚያው የቀረ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የትኛው ጣራውን እንደ ተሸከመ፣ የትኛው ደግሞ በከንቱ ቦታ እንደ ያዘ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት አንዱን ባላ ከመንቀሉ በፊት ጫና ያለበት መሆን አለመሆኑን ይመረምራል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እንደሚታወቀው አንድ ፕሮግራም ሁሉን ነገር በራሱ አይሠራም። ቀን ለመቁጠር፣ ፋይል ለማጨቅ፣ ጽሑፍ ለማተም፣ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ለመገናኘት ሌሎች ሰዎች ቀደም ብለው ያዘጋጁአቸውን ክፍሎች ይጠራል። የሙያው ሰዎች ዲፔንደንሲ የሚሏቸው እነዚህ ክፍሎች በዚህ ጽሑፍ ደጋፊ ተብለዋል። ፕሮግራሙ እየተለወጠ ሲሄድ የአንዳንዱ ደጋፊ አገልግሎት ያበቃል፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ ሳይፋቅ፣ ዕቃውም ከጭነቱ ሳይወርድ ይኖራል። ይህን ሥራ የፈታ ደጋፊ ፈልጎ የማግኘትና የማስወገድ ጉዳይ ቀላል የጽዳት ሥራ ቢመስልም፣ ታሪኩ የሚያሳየው ከባዱ ሥራ ማስወገዱ ሳይሆን ማወቁ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ችግሩ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር በመጀመሪያ 512 ቃላት ብቻ የሚይዝ ማኅደረ ትውስታ ነበረው። ደጋፊ ክፍሎቹ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተዘጋጅተው በሣጥን ይቀመጡ ነበር። ሠሪው የሚፈልገውን ጥብጣብ አውጥቶ፣ በራሱ ጥብጣብ ላይ ገልብጦ፣ የመጀመሪያውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ቦታው እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ የማይሠራበትን ክፍል ይዞ መሄድ አይታሰብም ነበር። ድህነቱ ራሱ ጠባቂ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ማኅደረ ትውስታው ሲሰፋ ጠባቂው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ስቲቨን ጆንሰን የተባለው ባለሙያ ሊንት የተሰኘ መርማሪ ፕሮግራም አዘጋጀ። ይህ መርማሪ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን እያነበበ፣ ከሌሎች ስሕተቶች ጋር፣ ተሰይመው ያልተሠራባቸውን ነገሮች ይጠቁም ነበር። ሰው በዓይኑ ሊከታተለው ያልቻለውን ነገር ሌላ ፕሮግራም እንዲከታተለው ማድረግ የተለመደው ከዚህን ጊዜ ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ደጋፊዎቹ በኔትወርክ አማካይነት ከዓለም ዙሪያ መሰብሰብ ሲጀምሩ ነገሩ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለፐርል ቋንቋ ሲፓን የተባለው ማከማቻ ተከፈተ፤ በ2010 ደግሞ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም ተከተለ። ከዚያ በኋላ አንድ ደጋፊ ለመጨመር አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ የሚበቃ ሆነ። የተጨመረውም ደጋፊ የራሱን ደጋፊዎች፣ እነዚያም የእነርሱን እየጎተቱ ይመጣሉ። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት ፓድ የተባለና 11 መስመር ብቻ የነበረው ደጋፊ በባለቤቱ ከማከማቻው ሲነሣ እጅግ ብዙ የፕሮግራም ሥራዎች በአንድ ጊዜ ቆሙ። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሠሪዎች ሌፍት ፓድን በእጃቸው አልጨመሩትም፤ ሌላው ይዞት የመጣ ነበር።

የሸክሙን መጠን በስዊድን የኬቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በጃቫ ቋንቋ የተሠሩ 9,639 ሥራዎችንና በመካከላቸው ያሉ 723,444 የድጋፍ ግንኙነቶችን መርምረው ከእነዚህ ውስጥ 75.1 በመቶው ፕሮግራሙ የማይሠራባቸው ሆነው አገኙ። ከትርፎቹ አብዛኞቹም ሠሪው ራሱ የጻፋቸው ሳይሆኑ በሌሎች ተጎትተው የመጡ ነበሩ። ከዚህ የሚታየው ዐቢይ ነገር ደጋፊ ለመጨመር ማስረጃ የሚጠይቅ ባለመኖሩ፣ ለማስወገድ ግን ማስረጃ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ማስረጃ ማቅረብ ድካም ስለሆነ ሸክሙ በየዓመቱ ይከብዳል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከመሥሪያ ቤት እስከ ማተሚያ ቤት ብዙ ሰው ሳያውቀው የኖረበት የዚህ ዓይነት ታሪክ አለ፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ነው።

የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዐት በመጀመሪያ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። በስምንት ቢት የሚሠራ ሥርዐት ከ256 የበለጠ ቦታ የለውም፤ ከዚያም ላይ ጥቂቱ ለትእዛዝ የተያዘ ነው። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች ይህን ችግር አሸንፈው በአማርኛ መጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን አቀረቡ። በ1990ዎቹም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ምልክቶች ወክሎ ለመላላክ የሚያገለግለውን ሴራ የተባለ ሥርዐት አዘጋጁ። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችም በየመሥሪያ ቤቱ የታወቁ ሆኑ።

እነዚህ ሥራዎች በጊዜያቸው ባይኖሩ ኖሮ በኮምፒዩተር የሚጻፍ አማርኛ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የጋራ ደንብ ስላልነበረ እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የራሱን ቍጥር ሰጠ፤ ለላቲኑ ፊደል በተመደበው ቍጥር ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አስቀመጠ። አንድ ፊደል በአንዱ ፎንት የያዘው ቍጥርና በሌላው የያዘው ቍጥር አይገናኙም። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ለመነበብ የተጻፈበትን ፎንት የግድ ይፈልጋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። በሌላ አነጋገር ደብዳቤው የፎንቱ ጥገኛ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን በቋሚ ቍጥር መዘገበ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት መጣ። ከዚህ በኋላ ለአዲስ ጽሑፍ የቀድሞዎቹ ፎንቶች አስፈላጊነት አበቃ፤ ሠሪዎቻቸውም ራሳቸው በኋላ ዩኒኮድን የሚከተሉ ፎንቶችን አወጡ። ሆኖም ልማድ ከደንብ ይልቅ ይዘገያል። የወረዳ ኔት ፕሮጀክት በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ለማገናኘት ሲነሣ የጋራው ደንብ ከታወጀ ዓመታት አልፈው ነበር። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ግን ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋር የተጫነው የቀድሞው ፎንት ነበር። አንዱ ጸሐፊ ለሌላው፣ ያም ለሚቀጥለው በፍላሽ ሲያቀብል ስለምን እንደሚጫን የሚጠይቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ታሪኮች አንድነት የሚታየው። ትርፍ ነው ብሎ ፎንቱን የሚያጠፋ ሰው የአንድ ወረዳ የዐሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዳይነበብ ሊያደርግ ይችላል። ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል ብሎ ሁሉን የሚጭን ሰው ደግሞ አዲስ ጽሑፍ በአሮጌው ቍጥር መጻፉ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ዕዳውንም በየቀኑ ያበዛል። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ከመወሰናቸው በፊት አልመረመሩም።

ምርመራውም እንደሚመስለው ቀጥተኛ አይደለም። በቃላት ማቀናበሪያ የተጻፈ ፋይል የፎንቱን ስም በውስጡ ስለሚይዝ መርማሪ ፕሮግራም ሊያገኘው ይችላል። በዳታቤዝ የተመዘገበ ስም ግን ቍጥሩን ብቻ ይይዛል፤ ፎንቱ የተጠቀሰው መረጃው በሚታይበት ቅጽ ላይ ነው። ፋይሎቹን ብቻ አገላብጦ ፎንቱ አያስፈልግም የሚል መርማሪ ተሳስቶ ያሳስታል። በፕሮግራሞችም ዘንድ እንዲሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ የማይገኝ፣ ነገር ግን ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ከማዋቀሪያ ፋይል ስሙን አንብቦ የሚጠራው ደጋፊ አለ። ስለዚህ መርማሪው ያልተሠራበት ብሎ ያወጣው ዝርዝር የጥርጣሬ ዝርዝር እንጂ የፍርድ ዝርዝር አይደለም።

ሸክሙን ማቆየትም ሰላም እንዳልሆነ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የተገለጠው ድርጊት ይመሰክራል። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ለማስተዳደር የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው ፕሮግራም ለራሱ ሥራ ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማጨቂያ አይፈልግም። ይሁንና አንዳንድ የሊኑክስ አከፋፋዮች ፕሮግራሙ ሥራ መጀመሩን እንዲያስታውቅ ሲሉ ሲስተምዲ ከተባለው ሥርዐት አንድ ደጋፊ አገናኙለት፤ ያም ደጋፊ ኤክስዜድን ይዞ ገባ። ከዚያም አንድ ስውር እጅ በኤክስዜድ ውስጥ የኋላ በር አበጀ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ የመግቢያው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ባይከታተል ኖሮ በሩ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በተከፈተ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ በወጣው 9.8 እትም የኦፕንኤስኤስኤች ሠሪዎች ያን አነስተኛ መልእክት ያለ ውጭ ደጋፊ የሚልክ አሠራር በራሳቸው ጽፈው አስገቡ። ለጥቂት መስመር ሥራ ሲባል የገባው ረጅም ሰንሰለት በጥቂት መስመር ተቈረጠ።

ከእነዚህ ታሪኮች የተገኘው ልምድ በአጭሩ ሲገለጥ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በመዝገብ የተጻፈው ሁሉ ይዘረዘራል። ቀጥሎ የተጠራውና ያልተጠራው በመርማሪ ፕሮግራም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የጎ ቋንቋ ከውጭ አስመጥቶ ያልተጠቀመበትን ፕሮግራም አልተረጕምም እስከ ማለት የደረሰ ነው። ከዚያ የተጠረጠሩት ደጋፊዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ፕሮግራሙ ይሞከራል። የተነሣው ዕቃ ስምና እትም በማስታወሻ ይቀመጣል፤ ቢያስፈልግ ይመለሳልና። ለፎንቶቹም መንገዱ ይኸው ነው፤ ሰነዶቹን መቍጠር፣ ፎንታቸውን መለየት፣ ለየፎንቱ በተዘጋጀ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የተለወጠውን ሰው አንብቦ እንዲያረጋግጥ ማድረግ፣ በመጨረሻም ፎንቱን ማንሣት ነው። የመጨረሻው እርምጃ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የቀደሙት ግን ወራት ሊወስዱ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ደጋፊ ሲጨመር ስለምን እንደ ተጨመረ በአንድ መስመር ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ የኋለኛው ባለሙያ የቀደመውን ሐሳብ ለመገመት ይገደዳል። ግምቱም ሲሳሳት ወይም ሸክሙ ሲከብድ ዋጋውን የሚከፍለው በአዲስ አበባ ሆኖ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አይደለም። የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደጎሎ፣ ወይም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ሰላም፣ ወይም እነርሱን በመሰለ ሌላ ሩቅ ከተማ፣ በደካማ መስመር ላይ አላስፈላጊ ጭነት እስኪወርድ የሚጠብቀው ጸሐፊና በር ላይ ቆሞ ማስረጃውን የሚጠብቀው ባላገር ናቸው። ባላውን ያቆመ ሰው የቆመበትን ምክንያት ቢናገር ኖሮ የሚነቅለውም ሰው ባልፈራ፣ ጣራውም ባልተናጋ ነበር።