የደብተር አበባ

ጳጉሜ ገብታለች። ሰሞኑን በየቻናሉ ስለ እንቁጣጣሽ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ንግሥተ ሳባ፣ ከኢየሩሳሌም መመለሷ፣ የተበረከተላት ዕንቁ፣ «ዕንቁ ለጣትሽ»። ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ አልደግመውም። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ማንም ታሪክ ብሎ የማይቆጥረውን ነገር ነው፤ ወንዶች ልጆች በአዲስ ዓመት ማለዳ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰጡትን የወረቀት አበባ።

ዓለም ከተማ ላደግን ሰዎች የመስከረም 1 ጠዋት ሁለት ወገን ነበረው። ሴቶቹ አደይና ለምለም ሣር ይዘው፣ ከበሯቸውን እየመቱ አበባየሆሽ ይላሉ። እኛ ወንዶቹ ዘፈን የለንም። የእኛ ድርሻ ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ሥሎ በየደጁ ማደል ነው። ሥዕሉ ራሱ «እንቁጣጣሽ» ይባላል። ተቀባዩ ሳንቲም ወይም ቁራጭ ዳቦ ይሰጣል፣ ይመርቃል፣ ወደሚቀጥለው ቤት እንሮጣለን።

አሠራሩን ላስታውሳችሁ። ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ሲዘጋ ከደብተሩ ጀርባ ያልተጻፈባቸው ገጾች ይተርፋሉ። ክረምቱን ሙሉ ተደብቀው ይቆዩና ነሐሴ ማብቂያ ላይ ይገነጠላሉ። ወረቀቱ አራት ላይ ታጥፎ ጠርዙ በምላጭ ይቆረጥና ሲዘረጋ አበባ ይሆናል። ሰማያዊው ከእስክሪብቶ ነው። አረንጓዴው ቅጠል ወረቀቱ ላይ ታሽቶ ይገኛል፤ ቢጫው ከራሱ ከአደይ። ቀይ እስክሪብቶ መምህር ቤት ብቻ ስለነበር የመምህር ልጅ የሆነ ጓደኛ ያለው ዕድለኛ ነው። ማጣበቂያው በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ነው። በስንዴ አገዳ ላይ ከተለጠፈ በእጅ የሚያዝ አበባ ይወጣዋል።

ታዲያ ይህ ልማድ ስንት ዘመኑ ነው? ብዙ ሰው ከሳባ ጋር አብሮ የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን አይመስለኝም። አደይን መቅጠፍ ጥንታዊ ሊሆን ይችላል፤ ሜዳና ጋራ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ጎጃም ውስጥ ልጃገረዶች የሚያከብሩት እንግጫ ነቀላም እንደዚሁ ሣርና አበባ ብቻ ነው የሚፈልገው። የወረቀት አበባ ግን ወረቀት ይፈልጋል፤ ያውም ሕፃን ልጅ ቢያበላሸው የማይቆጭ ትርፍ ወረቀት።

እንዲህ ያለ ወረቀት በአገራችን መቼ ተገኘ? ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈው በብራና ላይ ነው። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ብዙ ቆዳ መወጠር፣ መፋቅና ማድረቅ ነበረበት። ያንን ለልጅ መጫወቻ የሚሰጥ አልነበረም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የመጣው በአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም ነው። ደብተርና እርሳስ ከከተማ ርቆ ወደ ገጠሩ በብዛት የዘለቀው ከዚያም በኋላ ዘግይቶ ነው፤ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን እስከ ቀበሌ ድረስ አወረደው። ስለዚህ የእኛ የወረቀት እንቁጣጣሽ እንደ ልማድ የአያቶቻችን እኩያ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። እናቱ ትምህርት ቤት ናት።

እጁ ግን ከወረቀቱ ይበልጣል። የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው በምዕራፍ ራስጌ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ጌጥ ያውቀዋል፤ ስሙም «ሐረግ» ነው፣ ተክሉን ራሱን ይመስላል። የልጆቹን ወረቀት ዳር ዳር የሚዞረውን መስመር ስታዩት ያንኑ ታገኙታላችሁ። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ ፊት ለፊት የሚያየው መልአክም የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። መርሐቤቴና መንዝ የቄስ ትምህርት ሥር የሰደደበት አገር ነው። እሑድ እሑድ ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ሰኞ ደብተር ሲሰጡት የሚሥለው ያየውን ነው። የወረቀቱ አበባ የተወለደው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ልጅ እጅ ላይ ሲገናኙ ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ እናት የጭቃ ግድግዳቸውን በጋዜጣ ለጥፈውት ነበር። በጋዜጦቹ መሐል በየዓመቱ የሚሰጧቸውን እንቁጣጣሾች ይለጥፉ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያንዳንዱን «ይሄ የእገሌ ነው፣ ያ የእገሌ ነው» እያሉ ይነግሩናል። አንዱ ወረቀት ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር የተለጠፈው። የእህታቸው ልጅ ትንሽ ሆኖ የሠራው ነው። ልጁ በ1991 ዓ.ም ዘምቶ አልተመለሰም። ፎቶ አልነበረውም። እሳቸው ቤት የቀረው የእጁ ሥራ ያ ቢጫው የደበዘዘ አበባ ብቻ ነበር። ቤቱ ሲታደስ ግድግዳው ፈረሰ፤ ወረቀቱም አብሮ ሄደ። እኛም፣ እሳቸውም ቀድመን አላሰብንበትም።

ይህን ያነሳሁት ለማስለቀስ አይደለም። በየዓመቱ «ልማዱን የታተመ ካርድ ገደለው፣ የፕላስቲክ አበባ ገደለው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት አለው። ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚደርሰው ዕቃ ጫኝ መኪና ካርዱንም ፕላስቲኩንም ያመጣል። ልጁም ካርድ ገዝቶ አትርፎ መሸጡ ይቀለዋል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ካርድ የሚያዞር ልጅ ቢያንስ በየደጁ ይቆማል፣ ይመረቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ጦርነት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ስለ ፈተና፣ ስለ ውጤት፣ ስለ ባከነ ዓመት እናወራለን። ልክ ነው። ከዚያ ጋር ግን ማንም ሪፖርት ውስጥ የማያስገባው ሌላ ኪሣራ አለ። መስከረም ላይ ያልተመዘገበ ልጅ ሰኔ ላይ የተረፈ ገጽ የለውም። የተረፈ ገጽ የሌለው ልጅ ነሐሴ ላይ የሚገነጥለው የለውም። ልማዱ ከትምህርት ቤት ጋር እንደመጣ ሁሉ ከትምህርት ቤት ጋር ሊሄድ ይችላል። ከሳባ ዘመን የመጣ ነው ብለን የምናምን ከሆነ ምንም አይነካውም ብለን እንተኛለን። የአያቶቻችን እኩያ መሆኑን ካወቅን ግን በአንድ ትውልድ ሊጠፋ እንደሚችልም እናውቃለን።

ፖርቹጋል ውስጥ ካምፖ ማዮር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ መንገዶቻቸውን በእጅ በተሠራ የወረቀት አበባ ያለብሳሉ። ጎረቤት ከጎረቤት እየተሰበሰበ ለወራት ይሠራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የገረመኝ ግን በዓሉ በየዓመቱ አለመከበሩ ነው፤ የሚከበረው ሕዝቡ እናድርገው ሲል ብቻ ነው። እንዲህ ለማለት ሰው ማታ ማታ ተረጋግቶ አብሮ የሚቀመጥበት ሰላም ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ቀላሉ ነገር ነው።

ከእኛ አቅም በላይ የሆነው ብዙ ነው፤ ጦርነቱን በጽሑፍ አላቆምም። አቅማችን የሚችለው ግን አለ። ዘንድሮ ወደ አገር ቤት የምትልኩት ነገር ካለ አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ ፓኬት ከለር ጨምሩበት፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ልጁ አለ። ደጃችሁ በእጁ የሠራውን ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ ካርድ ከያዘው አብልጣችሁ ስጡት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡና የልጁን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ግድግዳው አንድ ቀን ይፈርሳል፤ ወረቀቱን ግን ቀድሞ ማንሳት ይቻላል።

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።