ከአተላ የወጣው ቢጫ ጨው

አንደኛ ዓመት ሳለን፣ ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ከቢከሩ ሥር የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ ሳልመዝነው ደፋሁት። መምህሩ «ቀሪውስ?» ቢሉኝ «ቆሻሻ ነው» አልኩ። ለሪፖርቱ ዜሮ ተሰጠኝ፤ በጊዜው በጣም ነበር የተናደድኩት።

የሊዮፖልድ ግሜሊንን ታሪክ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን የሕክምና ሰዎች እናውቀዋለን፦ ሽንት ውስጥ ሐሞት መኖሩን በናይትሪክ አሲድ የሚለየው፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ ቀለበት የሚያሳየው ምርመራ የሱ ነው። ሰውየው በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናም የኬሚስትሪም ፕሮፌሰር ነበር። ያኔ ሁለቱን አንድ ሰው ያስተምር ነበር እኮ!

በዘመኑ ፖታሲየም የሚገኘው ፖታሲየም ካርቦኔትን ከከሰል ጋር በከፍተኛ ሙቀት በማጋል ነበር። የሚወጣው የፖታሲየም እንፋሎት አብሮት ከሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ይዋሃድና ቧንቧ የሚደፍን፣ አንዳንዴም የሚፈነዳ ዝቃጭ ይፈጥራል። ለሌላው ሰው ጣጣ ነው። ግሜሊን ግን እ.ኤ.አ. በ1825 ከዚሁ አተላ ቢጫ ጨው አወጣ፤ አሲዱንም ለየ። በግሪክኛ ሳፍሮንን ከሚያመለክተው «ክሮኮስ» ተነስቶ ክሮኮኒክ አሲድ አለው።

የጨው አኒዮን ሲባል ክሎራይድ ወይም ሰልፌት ለለመደ ሰው ይሄኛው እንግዳ ነው። አምስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተዋል፤ እያንዳንዱ አንድ ኦክስጅን ይዟል፤ ሃይድሮጅን የሚባል የለም። ሁለቱን ኔጌቲቭ ቻርጅ ሁሉም እኩል ተካፍለው ይሸከሙታል። ግሜሊን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ፋራዳይ ቤንዚንን ያገኘው በዚያው ዓመት ነው፤ ኬኩሌ «ቀለበት ነው» ያለው ደግሞ በ1865። ስለዚህ ግሜሊን ያየውን መዝግቦ፣ ስም ሰጥቶ አለፈ። ምርመራው ሳይታወቅ ምልክቱን ካርድ ላይ እንደ መጻፍ ማለት ነው።

ትርጉሙ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1960ዎቹ ሮበርት ዌስትና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን፣ በኢንፍራሬድና በራማን ስፔክትሮስኮፒ ጭምር አጥንተው፣ አኒዮኑ የቤንዚን ዘመድ፣ አሮማቲክ መሆኑን አስረዱ። በ2010 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የአሲዱ ክሪስታል በተራ የክፍል ሙቀት ፌሮኤሌክትሪክ መሆኑን አሳዩ።

ባለፈው ዋርድ ላይ ከአንድ ታካሚ ሆድ የተቀዳውን ፈሳሽ ኢንተርኑን «ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?» አልኩት።

«ዶክተር፣ ተደፍቷል» አለኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ያቺ ቢከር ትዝ አለችኝ። አብረን እንደገና ቀዳን።